የሌለ ለቅሶ

በእኛ ሠፈር፣ ከሥላሴ ጀርባ፣ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ቤት ትተው አብረው የሚወጡባቸው የታወቁ ምክንያቶች አራት ናቸው፤ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ሐኪም ቤትና ወረዳ። ሰርጉ እንኳ ያጠራጥራል፤ «ልጆቹስ? እነሱ ሰርግ አያዩም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለቅሶ ግን ንጉሥ ነው። ለቅሶ አለብኝ ያለን ሰው ማንም «ልጆቹን ይዘህ ሂድ» አይለውም፣ «ስንት ሰዓት ትመለሳለህ» ብሎ የሚጠይቀውም የለም፤ አለቃው ራሱ ፊቱን አጨማዶ ፈቃድ ይሰጠዋል። መዝናናት የሚባል ነገር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መዝናናት የልጅ ነው። ወላጅ ሲያምረው በልጁ ስም ይዝናናል።

አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ ሰሞን እኔም «ለልጆቹ ብለን ነው» ብዬ ሄጄ ነበር። ትንሹ ገና ዓመቱ ነው፤ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ለሃጩ በሸሚዜ ይወርዳል። እኔ ጎፈሬው የጠቆረ አንበሳ ፊት ቆሜ «አየኸው? አየኸው አባቴ?» እለዋለሁ። አጠገቤ የቆመ ሰውዬም የተኛች ሕፃን አቅፎ «አየሽው?» ይላል። ዞር ብለን ተያየን። ከዚያ እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም አንበሳ ልናይ ነበር የመጣነው።

እናቴ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነበራት። የሥላሴ ማኅበርተኛ ነበረች። ወር በገባ በሰባት፣ የሽሮውን ድስት ለታላቅ እህቴ አስረክባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ትወጣለች። ድግሱ የእሷ ተራ ካልሆነ በቀር እኛ አንከተልም። ማታ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ የድፎ ዳቦ ቁራሽ ቋጥራ፣ ዕጣንና ጠላ ጠላ እየሸተተች፣ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ነው። «ምን ያስቅሻል?» ስንላት «ምንም፤ እትዬ እንትና የተናገረችው ነገር ነው» ትላለች፤ የተናገረችውን ግን አትነግረንም። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሰባት ቀን የእናቴ የዕረፍት ቀን ነበር። ሥላሴም እያወቁ ዝም ብለዋታል።

አባቴ ማኅበር አላስፈለገውም። አባቶች ከልጅ የሚርቁበት ጊዜ ምንጊዜም ነበራቸው፤ ስሙ «ሥራ» ይባላል። ሥራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ሰውዬው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይገባል፤ በመካከሉ ያለው አራት ሰዓት በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

ከዚያ በፊት በነበረው ዘመንማ ከቤት የሚጠፋው ልጁ ነበር። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ዳባውን ደርቦ፣ ቅኔ ፍለጋ አገር ያቋርጣል፤ ቆሎ ተማሪ ሆኖ በሰው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ወላጆቹ ለዓመታት ዓይኑን አያዩትም። የዛሬው ልጅ ግን የትም አይሄድም። ጨዋታው ቤት ነው፣ የቤት ሥራው ቤት ነው፣ ጓደኞቹ ስልክ ውስጥ ናቸው። የመጥፋቱ ተራ የደረሰው እኛ ላይ ነው።

እኔ ይህ የታየኝ በዚያው በ2012 ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ ተባለ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 7 እንግዲህ የወሩ ሥላሴ ነው። ባለቤቴ በማለዳ ተሳልማ ተመልሳ ነበር። ዜናውን ስንሰማ ፊቷ ልውጥ ሲል «ምን ብለሽ ነው የለመንሽው?» አልኳት። አልመልስም አለች። ከብዙ ወር በኋላ ነው የነገረችኝ፤ «ከልጆቼ ጋር የምሆንበት ጊዜ ስጠኝ» ብላ ነበር። ተሰጣት። ለሁለት ሳምንት የተባለው መዘጋት ፋሲካን አልፎ፣ ክረምቱን አልፎ፣ መስከረም ጠብቶም አላለቀም። እስከ ዛሬ ስትለምን ቀኑን ቆጥራ፣ ከዚህ እስከዚህ ብላ ነው።

ቤታችን ክፍል ከግማሽ ነው። ግማሹ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሲፈልጉት ኩሽና፣ ሲፈልጉት መኝታ ቤት ይሆናል። በዚያ ጊዜ ብቻዬን የምሆንበት ስፍራ ቢኖር የግቢው የጋራ ሽንት ቤት ነበር። ጋዜጣ ይዤ መግባት ጀመርኩ። ኋላ ላይ መጽሐፍም ይዤ ገብቻለሁ፤ ድርሰት ነበር፣ ደግሞ ጥሩ ድርሰት። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቶቼ መክረው አንድ ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌው ወደ ጥግ ወስደው፣ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ አትፈር፤ ሆድህን ታከም» አሉኝ።

እነዚያን ባልና ሚስቶች ስልኬ ላይ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ከቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አራት ባዶ እግር ተዘርግቷል፤ ከእግሮቹ ማዶ ውሃ፤ ከላዩ «ልጆቹን ለአያት አስረክበን አመለጥን!» የሚል ጽሑፍ። እስር ቤት ሰብሮ የወጣ ሰው እንኳ እንዲህ በግልጽ አድራሻውን አይናገርም። ከሥሩ የሚጽፈውም ሰው የታወቀ ነው። ግማሹ «ይገባችኋል» ይላል፤ አንዷ «ልጅ አጥቶ የሚያለቅስ ስንት አለ፣ አመስግኑ» ትላለች፤ አንዲት አክስት ደግሞ ከሁሉ ዘግይታ ትመጣና «ልጆቹ በልተዋል?» ብላ ትጠይቃለች። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክና ቲክቶክ ተዘግተው በነበረ ጊዜ እንኳ በቪፒኤን እየዞሩ ይለጥፉ ነበር። ስልኩ ሆላንድ ነኝ ይላል፣ እግሩ ቢሾፍቱ ነው።

እኔ በሆዴ የእናቴን ፈገግታ አስባለሁ። የእሷ ደስታ ምስክር ካየው የሚበላሽ ዓይነት ነበር። የእነዚህኛዎቹ ካልታየ የሚበላሽ ነው። ይህን ለባለቤቴ እንደ ትልቅ ግኝት ነገርኳት። ስልኳን እየነካካች አዳመጠችኝና «እኛስ?» አለች።

«እኛስ ምን?»

«ጥር ነው እኮ። አሥራ አንድ ዓመታችን ነው።»

ግኝቴን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።

ችግሩ እቴቴ ናቸው። አማቴ ማለቴ ነው። ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ በ2016 ሠፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ኮንዶሚኒየም አገኙ። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበታቸው ደግሞ ከሁለተኛው በላይ አይወጣም፤ እናም ክፍል ከግማሻችንን ሊካፈሉ መጡ። የሥላሴ ማኅበራቸውም አብሮ ተበተነ። አንዷ ማኅበርተኛ አራብሳ ናት፣ አንዷ ኮዬ ፈጬ፣ ሁለቱ በየልጆቻቸው ቤት። ጽዋው በፌስታል ተጠቅልሎ የእኛ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀምጧል። ሰባት ቀን በመጣ ቁጥር እቴቴ ቀና ብለው ያዩታል፤ ምንም አይሉም።

ልጆቹን መጠበቁን አይጠሉትም። ግን «ልንዝናና ነው» ብሎ ለአማት እንዴት ይነገራል? እኛ ልንበላ ነውና እርስዎ ልጆቹን ያብሉ ማለት አይደለም? ሌሊቱን ንግግር ሳዘጋጅ አድሬ ጠዋት ፊታቸው ስቆም አፌ በራሱ ሥልጣን «እቴቴ፣ ለቅሶ አለብን» አለ።

ፊታቸው ወዲያው ለለቅሶ ተሰናዳ። «ማን ሞተ?»

«የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አባት።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። በምን?»

«ድንገት ነው።»

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሰባ ሁለት።»

«ልጅ ናቸው!» አሉ ደረታቸውን መታ አድርገው። «ቀብሩ የት ነው?»

ባለቤቴን አየኋት። እሷ ጣሪያውን ታያለች። «ዮሴፍ» አልኩ።

«ዮሴፍ! የአጎቴን ልጅ መቃብር ካየሁት ስንት ጊዜዬ። እንዲያው አብሬያችሁ ብመጣስ?»

«ልጆቹስ እማዬ?» አለች ባለቤቴ ከጣሪያው ወርዳ።

እቴቴ ልጆቹን አዩ። ተነፈሱ። ተቀመጡ። ግን አልጨረሱም፤ ሟቹ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ሚስታቸው በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን፣ እድራቸው የት እንደሆነ ጠየቁ። እኔ አንዴ ገብቼበታለሁና ሰጠሁ፤ ሰውየው ከቤታችን ሳንወጣ ሚስትና አምስት ልጅ አፈሩ፣ የመጨረሻዋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እቴቴ በመጨረሻዋ ልጅ ጊዜ ዕንባቸው መጣ። ከመቀነታቸው ቋጠሮ ሁለት መቶ ብር ፈትተው «ለእዝን ትሁን፤ ባዶ እጃችሁን አትግቡ» አሉ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ብሩን ተቀበልኩ።

ለቅሶ ነው ካልን ደግሞ ልብሱም ለቅሶ መምሰል አለበት። ባለቤቴ ለምሳችን ያዘጋጀችውን ቀይ ቀሚስ ከሥር ለበሰች፣ ጥቁር ካፖርት ደረበችበት፣ ነጠላዋን ጥለቱ ወደ ፊቷ እንዲመጣ አዘቅዝቃ ተከናነበች። በራችንን አልፈን ሃያ እርምጃ ሳንሄድ አንዲት ጎረቤታችን አየችንና «እኔ ልደፋ! እግዜር ያጥናችሁ» አለች። «አሜን» አልን በአንድ ድምፅ።

ሥላሴ አጥር ጥግ ስንደርስ ባለቤቴ ግራ ቀኝ አይታ ቆመች። ነጠላዋን አነሣችና ገለበጠችው፤ ጥለቱ ወደ ታች ዞረ። ካፖርቱን አወለቀች። ስልኳን መስተዋት አድርጋ ከንፈሯን ቀባች፣ ከንፈር ለከንፈር መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሐዘንተኛዋ ሄዳ ሙሽራዋ መጣች። እኔ በዚያች ደቂቃ የማደርገው ሳጣ አሻግሬ ግቢውን አያለሁ። እዚያ ሲልቪያ ፓንክረስት አሉ፤ በ1948 ዓ.ም. ልጃቸውን ሪቻርድን አስከትለው አዲስ አበባ የገቡት እንግሊዛዊት፣ የኢትዮጵያ ወዳጅ። ከአራት ዓመት በኋላ አረፉና እዚሁ ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሆኖ፣ የአገራችንን ታሪክ ሲጽፍ ኖሮ፣ በ2009 ሲያርፍ እዚሁ ሥላሴ መጣ። እናትና ልጅ ባሕር ተሻግረው አልተላቀቁ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ቆይተው አልተላቀቁ። እኛ ለአንድ ምሳ ለመላቀቅ ስንት ሰው ገደልን።

«እንሂድ» አለች ሙሽራዋ።

አራት ኪሎን አልፈን ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ወረድን። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ለባልና ሚስት ጎን ለጎን ይበቃል። ግን ጎን ለጎን መሄድ ረስተናል፤ ለዓመታት የሄድነው አንዳችን ፊት፣ አንዳችን ኋላ፣ ልጅ በመካከል ሆነን ነው። ከሁሉ ያስቸገረኝ ቀኝ እጄ ነው። ሥራ አጣ። ኪሴ ከተትኩት፣ ወጣ። ማቋረጫው ላይ አንድ ሚኒባስ ሲመጣ እጄ በራሱ ተወርውሮ የባለቤቴን አንጓ ያዘና «ቁሚ አልኩሽ! መኪናውን አታይም?» ስል ራሴን ሰማሁት። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። እሷም በልማድ ቆማለች።

ቡናውን ቶሞካ ጠጣን። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ አልገባሁበትም ነበር። ቶሞካ ቆመው የሚጠጡበት ቤት ነው፤ ጠረጴዛው ደረት ላይ ይደርሳል፤ ልጅ ይዞ ለሚገባ ሰው የሚተርፈው ከሥር ሱሪውን የሚጎትት እጅ ብቻ ነው። ዛሬ የሚጎትት የለም። ሲኒውን እስከ አተላው ጠጣሁት። ከዚያ ለምሳ ወደ ጣይቱ ሆቴል።

ሆቴሉን የመረጠችው ባለቤቴ ናት፤ ምክንያቷም አሮጌ ስለሆነ ፎቶው ያምራል የሚል ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። የከተማዋን የመጀመሪያ ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ለምኒልክ ልጅ አልወለዱም። በዚያን ጊዜ ምግብ በገንዘብ መሸጥም ሆነ ገዝቶ መብላት ነውር ነበርና መኳንንቱን ለማልመድ ንጉሡ ራሳቸው እየበሉ ይከፍሉ ነበር ይባላል። ማታ ማታ የሚያስተኙት ልጅ ያላት ሴት ይህን ሁሉ የምታስብበት ጊዜ ከየት ታመጣለች? ጥር 3 ቀን 2007 እሳት በልቶት የተረፈው ቤት የእንጨት ወለሉ ሲረግጡት ሲጢጢ ይላል። ባለቤቴ ቆም አለችና «ቀስ በል፣ ይነሣሉ» አለችኝ። ማን እንደሚነሣ አልጠየቅኋትም።

ምሳው የጾም ቡፌ ነው። የፍስክ ቅዳሜ ነው፣ ግን ለቅሶ ነው ብለን ወጥተን ሥጋ መብላቱ ከበደን። ሰሐናችንን ሞልተን ተቀመጥን። ቀና ስል ሁለታችንም ጨርሰናል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ደቂቃ። ዓሥር ዓመት ሙሉ የበላነው አንዱ ሲያለቅስ፣ አንዱ ሲደፋ፣ ቆመን ነው፤ መብላት ለኛ እንደ እሳት አደጋ ነው፤ ደርሰህ፣ አጥፍተህ፣ ትመለሳለህ። አስተናጋጁ ባዶውን ሰሐን ሲያነሣ ፈገግ ብሎ «ልጆች አሏችሁ አይደል?» አለ።

ስለ ልጆቹ ላለማውራት ተስማማን። ስማቸውን ያነሣ ዓሥር ብር ይቀጣ ተባለ። ዝም አልን። ስለ ኑሮ ውድነት አወራን፤ ኑሮ ውድነት ሁለት ደቂቃ ያህል ሄደና የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ደረሰ። ዓሥር ብር። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፤ ጉንፋኑ ከማን እንደያዘኝ ተናገርኩ። ዓሥር ብር። ከዚያ ትንሹ ባለፈው ሳምንት መምህርቷን «ቲቸር፣ ደክሞሻል፣ ቤትሽ ሂጂ» ያላትን አስታወስንና ሳቅን፣ ሳቅን፤ ስንቆጥር እኔ ሰባ፣ እሷ መቶ ዓሥር ብር ደርሰናል። መቶ ዓሥሩ ላይ ስልኳን አውጥታ የትልቋን ቪዲዮ ታሳየኝ ጀመር። ልጅቷን ጠዋት ጸጉሯን ያበጠርኩላት እኔ ነኝ፤ ግን አፌን ከፍቼ አየሁ።

ስልኩ ከወጣ ፎቶው አልቀረም። አስተናጋጁ አነሣን፤ ቀይ ቀሚስ፣ ሁለት ሲኒ፣ አሮጌ መስኮት፣ በስተቀኝ ግማሽ የእኔ ራስ። ላዩ ላይ «ከልጆች ነፃ ቀን!» ብላ ጻፈችበት። «እቴቴስ?» ስላት «የሠፈሩን ሰው ሁሉ ሸሽጌዋለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ ጎረቤቱን፣ እድርተኛውን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰው አንድ በአንድ ደብቃለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን እህቷን ረሳች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያኔ ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እህትየው ለማለዳ ፈረቃ ትነሣለች፤ የምትነሣው ደግሞ ልጆቿን ለምትይዝላት ሴት በሰዓት እየከፈለች ነው። እሷ አገር የአያት ዋጋ የሚታወቀው በዶላር ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ቀይ ቀሚስ አየች፤ ደስ አላት፤ ለእናቷ ደወለች።

የእኛ ስልክ ሲጮህ ባለቤቴ ስሙን አይታ ወደ እኔ ገፋችው። እኔ ወደ እሷ ገፋሁት። በሦስተኛው ግፊያ ድምፁ ተከፈተ።

«ማን ሞተ?» አሉ እቴቴ።

ዝም።

«እህትሽ ደውላ አማረባቸው አለችኝ። ቀይ ቀሚስ ለብሳለች አለችኝ። ለቅሶ ላይ ቀይ ቀሚስ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም።»

«እማዬ፣ እኛ…»

«ልጆቹ በልተዋል፤ ቡናችሁን ጠጡ። ግን ልምከራችሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ። «እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ የእውነት የሞተ ሰው ነበር የምጠራው።»

በመመለሻችን ኬክ ገዛን። ትልቋ በር ላይ ተቀብላን «ሰውዬው ተቀበሩ?» አለች። «ተቀበሩ» አልኩ፤ በሌላ አባባልም ቢሆን እውነት ነው። ትንሹ ካርቶኑን ከፈተና ዓይኑ ፈጠጠ፤ «ለቅሶ ቤት ኬክ አለ? ነገ እኔም ለቅሶ እሄዳለሁ!» ሁለት መቶ ብሩን ለእቴቴ ስመልስ አልቀበልም አሉ። «ለሟች የወጣ ገንዘብ ተመልሶ ቤት አይገባም» ብለው ወደ ልጆቹ ዞሩ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ግን አንድ ነገር ነበር።

የካቲት 7 ጠዋት፣ እኔ ለሥራ ጫማዬን ሳስር፣ እቴቴ ተነሥተው ለብሰዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከናንበዋል።

«ለቅሶ አለብኝ» አሉ። «ኮዬ ፈጬ ነው። ሳይመሽ አልመለስም።»

ባለቤቴ «ማን…» ብላ ጀመረች፤ በክርኔ ነካኋት። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ፌስታሉ የለም። በእቴቴ ብብት ሥር፣ ከነጠላው ውስጥ፣ ክብ ነገር ወጣ ብሎ ይታያል። ከኪሴ ሁለቱን መቶ ብር አውጥቼ «ለእዝን ትሁን እቴቴ፤ ባዶ እጅዎን አይግቡ» አልኳቸው። ሳያዩኝ ተቀብለው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩና ወጡ።

ከበሩ ቆሜ አየኋቸው። በጉልበታቸው ቀስ እያሉ ሥላሴ አጥር ጥግ ድረስ ሄዱ፤ እዚያ ቆሙ። ፌስታሉን አጥሩ ሥር አስቀመጡ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ነጠላቸውን አነሡና ገለበጡት።